ምርቃቱ እስኪያልቅ

አባዬ ታሞ ጎተራ ከገባን በኋላ ከቤት የወጣው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከፎቃችን ሥር እስካለው ግቢ፣ ቀጥሎ መስቀል አደባባይ፣ በመጨረሻ ካዛንቺስ፣ የድሮ ሰፈራችን። አራተኛ የለም። አራተኛ የሌለው በእኔ ምክንያት ስለሆነ ነገሩን እንደሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

አባዬ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በሽታው የጀመረው በቀኝ እጁ አውራ ጣት ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት የበሩን ቁልፍ ማዞር አቃተው። ከዚያ እጁ፣ እግሩ፣ ምላሱ፣ በመጨረሻም ትንፋሹ ተራ በተራ ከዱት። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ የሚሄዱበት በሽታ ነው ብለው ሐኪሞቹ ነገሩን፤ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለውም አልደበቁንም። ጉሮሮው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባለት፣ ቱቦው ከማሽን ጋር ተያያዘ፣ ማሽኑ ይተነፍስለት ጀመር። በሽታው ዓይኑንና አእምሮውን አልነካም። ይህን ግን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ሊጠይቁት የሚመጡት ራስጌው ቆመው "ይሰማል እንዴ?" ብለው እኔን ይጠይቁኛል። እኔም እሱ እየሰማ "አዎ፣ ይሰማል" እላቸዋለሁ።

እናቴ ልጅ ሳለሁ ነው ያረፈችው። ስለዚህ ቤታችንን የያዘልን የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው። አጎቴ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። ማሽኑን ከውጭ ያስመጣው፣ ካዛንቺስ ያለው የቀበሌ ቤታችን መብራት እየጠፋ ሲያስቸግር ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት የተከራየልን፣ ነርሷንም የቀጠረልን እሱ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ክፉ ሰው እንዳይመስል ነው። ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው። እኔም ፈሪ ነኝ፤ የእሱ ፍርሃት ግን ቢያንስ ለወንድሙ ነው።

ነርሷን ሲስተር ነበር የምንላት። ቀን ቀን እሷ፣ ሲመሽ እኔ ነበርን ከአባዬ ጋር የምንሆነው። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት አጎቴ ሊጠይቀን ሲመጣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ያዘችው።

"ጋሼ፣ ወንድምዎ ከቤት ከወጡ ስንት ጊዜያቸው ነው?"

"የት ይወጣል?" አለ አጎቴ።

"ውጭ ነዋ።"

"ማሽን ላይ ያለ ሰው?"

"ማሽኑ እኮ ማንገቻ አለው። ማንገቻ የሰፉለት ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ነው እንዴ?"

አጎቴ መጀመሪያ ሳቀ፣ ወዲያው ፊቱን አጠቆረ። ለመስማማት አንድ ወር ፈጀበት።

በዚያ አንድ ወር ውስጥ ሲስተር ለአባዬ አፍ አበጀችለት። ስታዲየም አካባቢ መንገድ ላይ ከሚሸጡት የልጆች ፊደል ገበታዎች አንዱን ገዝታ መጣች። ድምፃቸው የሚደጋገሙትን ሆሄያት በነጭ ፕላስተር ሸፈነቻቸው፤ "ጊዜ የለንም፣ አንድ ሀ ይበቃናል" አለች። ጣቷን በረድፎቹ ላይ ከላይ ወደ ታች ታወርዳለች፣ አባዬ የሚፈልገው ረድፍ ላይ ስትደርስ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ከዚያ ጣቷ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ጨፈን ማድረግ አዎ ነው። ወደ ላይ ማየት አይደለም፣ ተዉ ማለት ነው። ዓይኑን ከድኖ ካልከፈተው ደግሞ በቃኝ፣ ገበታውን አንሱልኝ ማለት ነው። እኔም ቶሎ ለመድኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ቢሆንም ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ ሩብ ሰዓት ምንም አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ገበታውን የሚይዝለት ሰው ከሌለ አባዬ አፍ የለውም።

መጀመሪያ የወጣን ቀን ከሕንፃችን አራት ወንዶች መጥተው ወንበሩን በአራት ማዕዘን ያዙ። ሲስተር ፊት ለፊታቸው ሆና የኋሊት ትወርዳለች፤ አንገቷ ላይ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ፊኛ አንጠልጥላለች፣ አምቡ ባግ ነው የሚሉት። ማሽኑ በማንኛውም ምክንያት ቢቆም ሰውን የሚያቆየው እሱ ነው።

"እኔ ስል ብቻ። አንድ ደረጃ፣ ቆም። አንድ ደረጃ፣ ቆም።"

"ሲስተር፣ ፍሪጅ ስናወርድ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅንም" አላት አንደኛው፣ ላቡ እየወረደ።

"ፍሪጅ አይሰድብህማ። እሳቸው ታች ሲደርሱ በፊደል ነው የሚሰድቡህ።"

ታች ስንደርስ አባዬ ወዲያው በዓይኑ ገበታውን ፈለገ። ሁላችንም ስለ ፀሐዩ ወይም ስለ ሰማዩ አንድ ነገር ይላል ብለን ከበብነው። የጻፈው "የኋላ ጎማ" የሚል ነበር። ዞር ብለን ስናይ ግቢው ውስጥ የቆመች አንዲት ታክሲ የኋላ ጎማዋ አየር ጎሎታል። ስለ ፍሪጅ ያወራው ሰውዬ ባለቤቷ ኖሮ እየሮጠ ሄዶ በእግሩ መታ መታ አደረገውና "እውነቱን ነው በእግዚአብሔር!" ብሎ ጮኸ። አባዬ መሳቅ አይችልም። ዓይኑ ግን ሳቀ፤ ያን ቀን ያየሁትን ዓይን አልረሳውም።

ሁለተኛው ጉዞ ገና ሲነጋ ነበር። የአባዬ የድሮ የሥራ ባልደረባ ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚነዳውን ሚኒባስ ይዞ መጣ፣ የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ አባዬን ከነወንበሩ አስገባው። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ሥር አቆምነውና ስፖርተኞቹ ሲወጡ ሲወርዱ ተመለከተ። እንባው ወረደ፣ ሲስተር ጠረገችለት፣ "ነፋስ ነው" አለች፤ ነፋስ አልነበረም።

ሲስተር ሥራ ታከፋፍል ነበር። እሷ አባዬን፣ ሹፌሩ መንገዱን፣ እኔ ባትሪውንና ሰዓቱን። ማሽኑ ላይ የተሰረዘ ደወል የሚመስል ምልክት ያለበት በተን አለ፤ ማሽኑ ሲጮህ እሱን ከተጫኑት ለሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ይላል። ስታስተምረኝ እጄን ይዛ በተኑ ላይ አስቀምጣው ነበር።

"ይኼ ለእኛ ጆሮ የተሠራ ነው፣ ለእሳቸው አይደለም። መጀመሪያ ለምን እንደጮኸ እዪ፣ አስተካክዪ፣ ከዚያ ዝም አስኚው። ምንም ሳታስተካክዪ ዝም ካሰኘሽው ሰውየውን ነው ዝም የምታሰኚው። ገባሽ?"

"ገብቶኛል ሲስተርዬ።"

ገብቶኝ ነበር። ደብተሬ ላይም ጽፌው ነበር።

ከዚያ የካዛንቺሱ ነገር መጣ። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ተባለ፤ የድሮ ቤታችን ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ዳር ሊበተን ነው። እድሩ ከመበተኑ በፊት በአንድ እሑድ የመጨረሻ ስብሰባ ጠራ። አባዬ የዚያ እድር ንብረት ኃላፊ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ድስቶቹን ሲያወጣና ሲያስገባ ኖሯል። እናቴ የሞተች ቀን እንኳ "ሌላ ሰው ያጣምመዋል" ብሎ የራሱን የሐዘን ድንኳን ራሱ እንደጣለ ይነገራል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እስከዚያ ቀን ድረስ አልጋው አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ስለ ስብሰባው ስነግረው ገበታውን ፈለገ። "ቁልፉን ራሴ ላስረክብ" ብሎ ጻፈ።

አጎቴ አልፈለገም። ሲስተር ሁለት ምሽት ቆይታ ለመነችው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረና "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ። "ጋሼ፣ አንተ እንዳልክ" አልኩት። ሲስተር በግርምት አየችኝ። ለማንኛውም ፈቀደ፤ የፈቀደው ግን እንዲህ ብሎ ነው፦

"ትንሽ ነገር ብትሆን፣ አንዲት ነገር፣ ከዚህ በር ዳግመኛ አይወጣም። ተግባብተናል?"

አባዬ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። የተስማማው እሱ ነበር።

እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ወጣን። ሰፈሩ ውስጥ መብራት አስቀድሞ ስለተቆረጠ ማሽኑን የምንሰካበት ቦታ አልነበረም፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይሠራል ተብሎ ተሰላ። ሲስተር የእጄ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጠፈችና በእስክሪብቶ "10፡00" ብላ ጻፈችበት። አሥር ሰዓት ላይ መነሳት ነው። ቀሪው ለመንገድና ለክፉ ቀን።

አባዬ መንገዱን በዓይኑ ነዳው። ሚኒባሱ ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ ሲታጠፍ አንገቱ የማይዞር ሰው ዓይኑን ቀድሞ ወደ መታጠፊያው ይልከዋል። ሹፌሩ በመስታወት እያየው "አይዞህ፣ ማርሹን አልረሳሁትም" ይለዋል።

ሰፈር ስንደርስ ግማሹ ቤት ጣሪያው ተነስቷል። በቀረው ሜዳ ላይ ደግሞ የእድሩ ድንኳን ተጥሏል። ለአባዬ ክብር፣ ፀሐይ እንዳይመታው ብለው ነው። ገና ከመኪና ሳናወርደው አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከላይ በኩል ሲመጡ ድንኳኑን አዩ፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው የማን እንደሆነ ጠየቁት፣ እሱም የአባዬን ስም ጠራ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ መጡ።

"ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ደጉ ሰው! ሳልሰናበትህ!"

"ኧረ እማማ! አልሞተም! ይኸው ከመኪና እየወረደ ነው!"

አሮጊቷ ቀጥ ብለው ቆሙ። አባዬን አዩት፣ አያቸው።

"ታዲያ ድንኳን ምን ይሁን ብላችሁ ጣላችሁ?" አሉ ተቆጥተው። "በድንጋጤ ልትገድሉኝ ነው?"

"ጥላ ነው እማማ።"

"ጥላ ዣንጥላ አይበቃም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም አባዬን ጉልበቱን ስመው እየሳቁ አለቀሱ። እኔ ገበታውን አነሳሁለት። አባዬ ድንኳኑን አየት አድርጎ "ገመዱ ላልቷል" ብሎ ጻፈ። ጮክ ብዬ ሳነበው ሁለት ወንዶች ዘለው ሄደው ገመዱን አጠበቁት። ሲስተር ቁልፉን በቀኝ መዳፉ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

ወደ ድንኳኑ ሳናስገባው የእድሩ ሊቀመንበር ወደ ጎን ወሰዱኝ። ረጅም፣ ሁልጊዜ ኮት የሚለብሱ ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ የዕቃ ቤቱ ጓጉንቸር ከተቀየረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ያ ቁልፍ አይከፍትም። እንዳታሳውቂው። በምርቃቱ መጨረሻ እንቀበለዋለን፣ ደስ ይበለው።"

"እሺ አባባ" አልኩ። ለሁሉም እሺ ነበር የምለው።

ስብሰባው እንደማንኛውም ስብሰባ ነበር። የቀረው ንብረት እንዴት ይከፋፈል በሚለው ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ ታረቁ። አባዬ መሐል ተቀምጦ ዓይኑ ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው ይሮጣል። ሦስት ጊዜ አስተያየት ሰጠ፤ ሦስቱንም አንብቤለት ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲከበር አላየሁትም። የድስቶቹን ቁጥር ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ዘጠኝ ተኩል አልፎ ምግብ ቀረበ። ሴቶቹ ሲስተርን እጇን ይዘው ጎተቷት፤ አጠገቡ ወዳለችው፣ ጣሪያዋ ወዳልተነሳች ቤት።

"አንቺ ልጅ ከመጣሽ ጀምሮ አልተቀመጥሽም። ነይ ቅመሺ።"

"ቆይ፣ በኋላ እበላለሁ።"

"በኋላ የሚባል አለ እንዴ? ሰፈሩ ራሱ በኋላ የለም። ነይ እንግዲህ፣ ነውር ነው!"

ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር። "ሂጂ ሲስተርዬ፣ እኔ አለሁ" አልኳት። ማሽኑን አየች፣ የእጄን ፕላስተር አየች።

"አሥር ሰዓት ሲል ትጠሪኛለሽ። ማንም ይናገር፣ ማንም ይቁም፣ ትጠሪኛለሽ።"

"እሺ።"

አሥር ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሊቀመንበሩ ለምርቃት ተነሱ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተነሳ፣ እጁን ዘረጋ። እኔም ተነሳሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፤ የተዘረጋው እጄ ጀርባ ላይ "10፡00" ተጽፏል። ምርቃት እየተሰጠ ሰው ጥሎ አይወጣም። እንዲህ ተብሎ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፤ ማንም ሳያስተምረኝ የማውቀው ነገር ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ ውሻ እንኳ አይባረርም። ደግሞ የሚመረቀው አባዬ ነበር። "ይማርህ" አሉት፣ አሜን አልን። "እንደተሸከምከን ሸክምህን ያቅልልህ" አሉት፣ አሜን አልን። አሁን ያልቃል፣ አሁን ያልቃል እያልኩ ቆምኩ። ከእሱ አልፈው ለሰፈሩ፣ ለሚበተነው ሁሉ፣ ለሚሄድበት አዲስ ጎረቤት ሁሉ መረቁ።

አሥር ሰዓት ከአሥር ገደማ ማሽኑ ጮኸ። ሦስት አጭር ድምፅ፣ የባትሪ ማነስ። ባትሪው አርጅቶ ኖሮ ካሰብነው ቀድሞ ደክሟል፤ ማንቂያው የተሠራው ለዚህ ነበር። ሽማግሌው መሐል ላይ ቆም አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላዬ አንድ ሰው "ኧረ ዝም አስኚው" ብሎ ሹክ አለኝ። በተኑን ተጫንኩት። ዝም አለ። ሽማግሌው በፈገግታ ራሳቸውን ነቅንቀው አመሰገኑኝና ቀጠሉ። ያ ፈገግታ ደስ አለኝ። ይህን ሳልጽፍ ብዘለው ውሸት ይሆናል።

እሳቸው ሲጨርሱ ልሮጥ ዞርኩ። ግን እድሩ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ ሐጂው፣ የሙስሊሙ ወገን ሽማግሌ፣ ወዲያው ተከትለው እጃቸውን ለዱዓ ከፈቱ። አጠገቤ ነበሩ። ያሰብኩት ይህን ነው፦ ለአንደኛው እስከ መጨረሻው ቆሜ ለሐጂው ሲሆን ጥዬ ብወጣ ምን ይባላል? እንደ ናቅኳቸው አይቆጠርም? እስከ ዛሬ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ሐጂው ቢያውቁ ኖሮ ራሳቸው እየሮጡ ሲስተርን በጠሩልኝ ነበር። ማንም የሚቀየም አልነበረም። ያስቀየምኩት አባቴን ብቻ ነው።

ማሽኑ ሁለተኛ ጮኸ፣ ተጫንኩት። ሦስተኛ ጮኸ፣ ተጫንኩት። አባዬ ዓይኑን ወደ ላይ አደረገ። ትዝ ይለኛል፣ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ነበር የሚያየው። ገመዱን ነው የሚያየው ብዬ አለፍኩት። ወይም ከዱዓው ጋር ወደ ፈጣሪ እያየ ነው አልኩ። ወደ ላይ ማየት "ተዉ" ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አራተኛ ተጫንኩት።

ከዚያ የማሽኑ ስክሪን ጨለመና ሌላ ድምፅ መጣ፤ የማይቆራረጥ፣ ረጅም። ይህንን የትኛውም በተን ዝም አያሰኘውም። የአባዬ ደረት ቆመ።

እኔ "ሲስተር" ብዬ መጥራቴን አላስታውስም። ድምፁን ሰምታ እጇ በወጥ እንደተነከረ በሰው መሐል ጥሳ ገባች። ቱቦውን ከማሽኑ ነቀለች፣ አምቡ ባጉን ገጠመች፣ ጨመቀች። ደረቱ ተነሳ። በዚያው ቅጽበት ግን ድንኳኑ በለቅሶ ተቀደደ። ድንኳን፣ የቆመ ሕዝብ፣ መተንፈስ ያቆመ ማሽን፤ ሰው ሁሉ ሞተ ብሎ አለቀሰ። አሮጊቷ ጎረቤታችን መሬት ላይ ተቀመጡ። አባዬ በየአራት ሴኮንዱ በሌላ ሰው እጅ እየተነፈሰ ዓይኑን ከፍቶ የራሱን ለቅሶ ሰማ። የራሱ ድንኳን ውስጥ፣ ራሱ ሲጠብቀው በኖረው።

"አለ! አለ እያልኳችሁ ነው! መንገድ ልቀቁ!" ትላለች ሲስተር፤ የሚሰማት የለም።

መመለሻው ላይ ከመስቀል አደባባይ እስከ መሿለኪያ መኪናው ቆሞ ይሄዳል፣ ቆሞ ይሄዳል። ሹፌሩ ክላክሱን አልለቀቀም። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፣ ሲስተር ትጨምቃለች። እጇ ሲዝል "ተኪኝ" አለችና አምቡ ባጉን ሰጠችኝ። የአባቴን ትንፋሽ በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር። ስጨምቅ ደረቱ ይነሳል፣ ስለቅ ይወርዳል። በዓይኑ አየኝ። ቁልፉ አሁንም መዳፉ ውስጥ ነበር፤ የተቀበለው የለም።

ቤት ገብተን ማሽኑን ግድግዳ ላይ ሰክተን ከተረጋጋ በኋላ አጎቴ ደረሰ። ሹፌሩ ደውሎለት ነው። ላቡ በፊቱ ይወርዳል።

"ምን ሆነ?"

"ባትሪው አለቀ" አለች ሲስተር።

"አለቀ? ዝም ብሎ አለቀ? ሳይጮህ?"

"ጮኋል።"

"ታዲያ ማን ነበር አጠገቡ? አንቺ የት ነበርሽ?"

ሲስተር ወደ እኔ አየች። የከሰሰችኝ አይመስለኝም፤ ጊዜ ሰጠችኝ። ፕላስተሩ እጄ ላይ እንዳለ ነበር፤ እጄን ወደ ኋላ አደረግኩት። እስከ አሥር የሚያስቆጥር ጊዜ ነበር።

"ምግብ እየበላሁ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ኃላፊነቱ የእኔ ነው።"

"ምግብ!" አለ አጎቴ። "ወንድሜ ሊሞት አንቺ ምግብ!"

አባዬ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይከፍታል፣ ይጨፍናል፣ ይከፍታል። ገበታውን እየፈለገ ነው። ገበታው ከአልጋው በላይ ተሰቅሏል፤ ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም። አጎቴ አየውና "ምን ይላል?" አለኝ። ሊል የሚችለውን አውቅ ነበር። ሁሉንም ያየ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

"ደክሞታል ጋሼ" አልኩ። "ይረፍ።"

አጎቴ ያኔውኑ አሰናበታት፤ ቦርሳዋን ስትይዝ እስከ ደረጃው ሸኘኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። "አክታቸውን ከምግብ በፊት እንጂ ከምግብ በኋላ እንዳትስቢላቸው፣ ያስመልሳቸዋል" አለችኝና ወረደች።

አባዬ ለአራት ቀን ገበታውን ሳነሳለት ዓይኑን እየከደነ መለሰኝ። በአምስተኛው ቀን ተቀበለኝ። "ንገሪ" ብሎ ጻፈ፤ ሌላ ምንም። እሺ አልኩት። ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። በየቀኑ "ንገሪ" ይላል፣ በየቀኑ እሺ እላለሁ።

በመጨረሻ ለአጎቴ ሱቁ ድረስ ሄጄ ነገርኩት።

"አንቺ ልጅ ነሽ" አለኝ። "እሷ ትልቅ ሰው ናት። በሽተኛ ለልጅ ጥላ ምግብ ልትበላ መሄድ አልነበረባትም።"

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት። አራት ጊዜ ጮኾ አራት ጊዜ..."

"በቃ፣ አለፈ። በሽተኛ ይዞ ሽርሽር መውጣቱ ራሱ ነበር ስህተቱ።" ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ጎበዝ፣ እውነቱን መናገርሽ ጥሩ ነው።"

ለሲስተር ደወልኩላት። ሌላ ቦታ ገብታለች፤ ከኋላዋ የሕመምተኞች ክፍል ጫጫታ ይሰማል።

"ነገርሺው? እሺ" አለች። "ተረከዛቸው እንዴት ነው? ቁስሉ ደረቀ?"

"ደርቋል።"

"ጥሩ። ቻው የኔ ቆንጆ፣ እየጠሩኝ ነው።"

ዘንድሮ ነርሲንግ አንደኛ ዓመት ገባሁ። ለምን መረጥሽው ሲሉኝ "አባቴን ለመርዳት" እላለሁ፣ ሰው ደስ ይለዋል። ባለፈው ወር በተግባር ክፍል መምህራችን አሻንጉሊት በሽተኛው ላይ የተገጠመውን ማሽን አስጮኸችና "መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?" አለች። እጄን አወጣሁ። "በሽተኛውን አያለሁ፣ ምክንያቱን አስተካክላለሁ፣ ማንቂያውን ዝም የማሰኘው በመጨረሻ ነው" አልኩ። ሙሉ ማርክ ሰጠችኝ፤ ለክፍሉም ምሳሌ አድርጋ ጠራችኝ።

ካዛንቺስ ያለው ቦታችን አሁን ሜዳ ነው። ቁልፉን ወደ ምስማሩ መልሼዋለሁ። አዲሷ ነርስ ጠንቃቃ ናት፣ ሰዓት አታሳልፍም፣ ከአባዬ ጋር ግን አታወራም፤ ገበታው እጅ ያደክማል ትላለች። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬለት ከጎተራ ማሳለጫ የሚወርዱትን አውቶቡሶች ያያል።

እሑድ እሑድ ገበታውን አነሳለታለሁ። እሑድ እሑድ የሚጽፈው አንድ ነው፦ "እንውጣ"።

"ጋሼን ልጠይቀው አባዬ" እለዋለሁ።

መጠየቅ እንደማልችል ያውቃል፤ ብጠይቅም መልሱን ያውቃል። ትንሽ ያየኛል። ከዚያ ዓይኑን ይከድናል፣ እኔም ገበታውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ።